«ከራዳር ተሰወረ» ስለሚለው አነጋገር

በውቅያኖስ ላይ ሲበር የነበረ አውሮፕላን ደብዛው በጠፋ ቁጥር በአማርኛ ዜናዎቻችን ውስጥ የማይታጣ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ይኸውም «አውሮፕላኑ ከራዳር ተሰወረ» የሚለው ነው። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ለጆሮም አይጐረብጥም፤ ከሌላ ቋንቋ ተተርጕሞ የመጣ መሆኑ እስኪረሳ ድረስም ተለምዷል። ሆኖም ብዙውን ጊዜ እውነት አይደለም። እውነት በሚሆንበትም ጊዜ የሚነግረን ነገር ተርጓሚው ካሰበው እጅግ የተለየ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን አነጋገር መነሻ አድርገን፣ በውቅያኖስ ላይ ለሚካሄደው የአየር ትራፊክ ቁጥጥር በአማርኛ የምንጠቀምባቸውን ዋና ዋና ቃላት ልንመረምር እንወዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ፣ «አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች በዓለም አቀፍ በረራ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ አማርኛው ምን ይፈይዳል?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ቀላል ነው። ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄዱት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች አትላንቲክን ያቋርጣሉ። በውስጣቸው የሚሳፈሩት፣ በአውሮፕላን ጣቢያ የሚጠብቋቸው፣ ስለ በረራው ዜና የሚጽፉት፣ ክርክር ቢነሣ የሚዳኙት ሰዎች ብዙዎቹ የሚያስቡት በአማርኛ ነው። አደጋ በደረሰ ጊዜ የምርመራው ውጤት ለሟች ቤተሰብ የሚነገረው በእንግሊዝኛ ቃለ ምልልስ ሳይሆን በተርጓሚ አፍ ነው። ቃሉ ከተዛባ የሚዛባው እነርሱ ስለ ወገኖቻቸው የመጨረሻ ሰዓት የሚኖራቸው ዕውቀት ነው።

ከራዳር እንጀምር። ቃሉ በ1940 በአሜሪካ የባሕር ኃይል ውስጥ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ «በራዲዮ ማግኘትና ርቀትን መለካት» የሚል ትርጕም ካለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ፊደላት የተቀናበረ ነው። አያሌ ቋንቋዎች እንዳለ ተቀብለውታል፤ አማርኛም «ራዳር» ብሎ መቀበሉ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ቅሬታችን ከቃሉ ሳይሆን ከፍቺው ላይ ነው። ራዳርን «ሩቅ ያለውን የሚያሳይ መሣሪያ» ብሎ መፍታት የተለመደ ነው። ይህ ፍቺ ለመነጽርም ይሆናል፤ ለራዳር ግን አይበቃም፤ የመሣሪያውን ጠባይ ይሰውራልና። ራዳር የሚሠራው ሞገድ ልኮ የተመለሰለትን በመቀበል ነው። ተቆጣጣሪው በመስተዋቱ ላይ የሚያየው ነጥብ የዚያ ምላሽ ሥዕል ነው እንጂ የአውሮፕላኑ መልክ አይደለም።

ምላሹም ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ሞገዱ ከአውሮፕላኑ ገላ ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል፤ ይህ እረኛ ሁሉ የሚያውቀው የገደል ማሚቶ ነው። ገደሉ አልተናገረም፤ ድምፁን መለሰ እንጂ። በሁለተኛው ግን ከመሬት የሚላከው ሞገድ ጥያቄ ነው፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ የተገጠመ መሣሪያም ጥያቄውን ተቀብሎ ቍጥሩንና ከፍታውን ይመልሳል። እንግሊዝኛው እነዚህን «የመጀመሪያ» እና «ሁለተኛ» እያለ ስለሚጠራቸው፣ «ቀዳማዊ ራዳር» እና «ዳግማዊ ራዳር» ብሎ መተርጐም ይቀናል። ይህ አሰያየም ግን በአማርኛ ጆሮ የነገሥታት ተራ ይመስላል፤ ስለ አሠራራቸውም አንዳች አይገልጽም። በበኩላችን «የማሚቶ ራዳር» እና «የጥያቄ ራዳር» የሚሉትን እንመርጣለን። የመጀመሪያው አውሮፕላኑ ቢወድም ባይወድም ያገኘዋል፤ ሁለተኛው የሚያገኘው አውሮፕላኑ ከመለሰለት ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ እንደምንመለከተው እጅግ ከባድ ነገር የተመሠረተበት ነው።

ሁለቱም ራዳሮች አንድ የጋራ ወሰን አላቸው። ሞገዳቸው በቀጥታ ስለሚሄድ፣ ምድርም ክብ ስለሆነች፣ ከአድማስ ባሻገር ያለውን አያገኙም። በ35,000 ጫማ ከፍታ የሚበር አውሮፕላን በባሕር ዳር ከተተከለ ራዳር ወደ 230 የባሕር ማይል፣ ማለትም ከ425 ኪሎ ሜትር እምብዛም ሳይርቅ ከአድማሱ በታች ይሆናል። ከኤፍ ኤም ሥርጭት ጋር ጎረቤት በሆነው ሞገድ የሚደረገው የተለመደው የአብራሪና የተቆጣጣሪ ንግግርም የሚቋረጠው እዚያው ገደማ ነው። ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ ያለው ርቀት ግን ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ በአትላንቲክ ላይ የሚያልፍ አውሮፕላን ሁሉ፣ ምንም ሳይሆን፣ በደኅና ቀን ከራዳር ክልል ይወጣል።

ታዲያ በዚያ መካከል ቁጥጥሩ እንዴት ይካሄዳል? የሰሜን አትላንቲክን አሠራር ምሳሌ አድርገን እንይ። ከ30 ዲግሪ ምዕራብ ወዲህ ያለው ሰማይ ሻንዊክ በተባለው ማእከል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው በካናዳው ጋንደር ሥር ነው። «ሻንዊክ» የሚባል ከተማ በካርታ ላይ አይገኝም፤ ስሙ ሻነንና ፕረስትዊክ ከተባሉት ሁለት ቦታዎች ተቈርጦ የተጋጠመ ነው። ይህ የስም አመጣጥ የሥራውን ክፍፍል ይናገራል፤ ተቆጣጣሪዎቹ በስኮትላንድ ፕረስትዊክ ሲቀመጡ፣ የራዲዮ ጣቢያው በአየርላንድ ከሻነን አጠገብ ነው። ለዐሥርት ዓመታት የውቅያኖሱ ተቆጣጣሪ አውሮፕላኑን አላየም ብቻ ሳይሆን የአብራሪውንም ድምፅ አልሰማም። አብራሪው በአጭር ሞገድ የሚነጋገረው ከራዲዮ ሠራተኛው ጋር ነው፤ ሠራተኛው የሰማውን ጽፎ ለተቆጣጣሪው ይልካል፤ የተቆጣጣሪውንም ትእዛዝ መልሶ ያነብለታል።

አጭር ሞገድ ከላይኛው አየር ላይ ነጥሮ ከአድማስ ባሻገር ይደርሳል፤ ስለዚህም ውቅያኖስን ያሻግራል። ከውጭ አገር የሚተላለፉ የአማርኛ ዝግጅቶችን በአጭር ሞገድ ለመስማት የራዲዮ ቁልፍ ያዞረ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ ቀን የሚሰማው በማታ ይደክማል፤ ፉጨትና ጩኸትም ይቀላቀልበታል። አብራሪዎች ለሰዓታት ያንን ጩኸት እንዳያዳምጡ፣ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን አራት ፊደላት ያሉት መለያ ተሰጥቶት፣ ጣቢያው ያንን መለያ በድምፅ ቃና ሲልክ በአውሮፕላኑ ውስጥ ደወል የሚሰማበት ዘዴ ተበጅቷል። አብራሪውም በየ10 ዲግሪ ኬንትሮሱ ያለበትን ሥፍራ፣ የደረሰበትን ሰዓት፣ ከፍታውን፣ ቀጥሎ የሚደርስበትን ቦታና ሰዓት፣ ከዚያም ተከታዩን ቦታ ይናገራል።

ይህን ካየን በኋላ ወደ ቃላቱ እንመለስ። አንደኛው «ቁጥጥር» ነው። ቃሉ አዛዥነትን ብቻ ያመለክታል ብለው የሚነቅፉት አሉ። እኛ ግን እንደግፈዋለን። ተቆጣጠረ የወጣው ቈጠረ ከሚለው ግሥ ነው፤ የውቅያኖሱ ተቆጣጣሪም ሥራው በእርግጥ መቍጠር ነው። ከፊቱ ያለው ሥዕል ሳይሆን ሰዓት ነው። አንዱ አውሮፕላን ያለፈበትን ነጥብ ሌላው ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚያልፍበት ይቈጥራል። በዚህ ረገድ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለነገሩ ቀርቧል።

ሁለተኛው በአውሮፕላኖች መካከል እንዲጠበቅ የሚታዘዘው ነገር ስም ነው። «ርቀት» እና «ልዩነት» ተብሎ ሲተረጐም እናያለን። «ልዩነት» በአማርኛ አለመመሳሰልን ወይም አለመስማማትን ስለሚያመለክት ጨርሶ አይሆንም። «ርቀት» ደግሞ ከፊሉን ብቻ ይይዛል። በባህላዊው የውቅያኖስ አሠራር፣ በአንድ መንገድ የሚከታተሉ ሁለት አውሮፕላኖች የሚጠብቁት መጠን በ10 ደቂቃ ይወሰን ነበር እንጂ በማይል አልነበረም፤ ይህም በመደበኛ ፍጥነት ወደ 80 የባሕር ማይል ይደርሳል። በጎን 60 የባሕር ማይል፣ በከፍታ ደግሞ በሰሜን አትላንቲክ ከ1997 ወዲህ 1,000 ጫማ ሆኗል። ሰዓትን፣ ጎንንና ከፍታን በአንድ ቃል ለመያዝ ተራራቀ ከሚለው ግሥ «መራራቂያ» ብንል፣ ቃሉ ሁለት ወገን እንዳለበትም፣ ለአንድ ዓላማ የተወሰነ መጠን እንደሆነም ያስረዳል፤ «የጊዜ መራራቂያ፣ የጎን መራራቂያ፣ የከፍታ መራራቂያ» ማለትም ይቻላል።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ አውሮፕላኑ የት እንዳለ ማወቅን የሚመለከተው ቃል ነው። ይህን አንዳንዱ «ቅኝት» ሌላው «ስለላ» ሲለው አንብበናል። «ስለላ» በወዳጅና በሰላማዊ መንገደኛ ላይ የማይነገር ቃል ነው። «ቅኝት» ደግሞ ወጥቶ መዞርንና ማየትን ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ የበገናና የክራር ቅኝት ይሻማዋል። «ክትትል» ከሁለቱም ይሻላል። ሰውን ሳያዩት፣ በወሬውና በዱካው ብቻ መከታተል ይቻላልና።

አራተኛው አብራሪው የሚሰጠው የሥፍራ መግለጫ ነው። «ሪፖርት» ብሎ መተው ይቻላል፤ ሆኖም በአማርኛ «ቃል» የሚል ከዚህ የበለጠ ቃል አለን። ምስክር ቃሉን ይሰጣል፤ ቃሉ ይጻፋል፤ ቃሉ ይታመናል፣ ይጠረጠራልም። «ቃል በአፍ የሚነገረውን ብቻ ያመለክታል» ለሚሉን «ቃለ ጉባኤ» የጽሑፍ ስም መሆኑን እናስታውሳለን። ስለዚህ «የሥፍራ ቃል» እንላለን። ይህ ስም ነገሩን ከማሳመርም በላይ ጥቅም አለው፤ ቃል የሰጭውን ያህል ብቻ የሚታመን መሆኑን አብሮ ይነግራልና።

ለዚህ መራራ ምሳሌ አለው። በመስከረም 1 ቀን 1983 ከአንከሬጅ ወደ ሴኡል ይበር የነበረው የኮሪያ አየር መንገድ 007 በረራ በሰሜን ፓሲፊክ ላይ ከመንገዱ በእጅጉ ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ የካምቻትካን ምድር አቋርጦ፣ በሳኻሊን አጠገብ በሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላን ተመታ፤ 269 ሰዎች ሞቱ። አብራሪዎቹ በጉዞው ሁሉ የሥፍራ ቃላቸውን ሲሰጡ ነበር፤ በታቀደው መንገድ ላይ ያሉትን ነጥቦች ማለፋቸውን በቅን ልቡና ይናገሩ ነበር። ነጥቦቹን ግን አላለፉባቸውም። በመሬት ያለው ተቀባይ የነበረው ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉም ስሕተት ነበር። ይህን ታሪክ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ተቆጣጣሪዎቹ አውሮፕላኑ በመንገዱ ላይ መሆኑን ይመለከቱ ነበር» ቢል፣ በአንዲት ግሥ ምክንያት ነገሩን ሁሉ ያጠፋዋል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ዐረፍተ ነገር እንመለስ። በሰኔ 1 ቀን 2009 ከሪዮ ዲ ጃኔሮ ወደ ፓሪስ ሲበር የነበረው የኤር ፍራንስ 447 በረራ 228 ሰዎችን እንደያዘ በአትላንቲክ ውስጥ ወደቀ። በዓለም አቀፉ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት በኋላ በ1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከብራዚል ተቆጣጣሪ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ተነጋገረ። በ1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከብራዚል ራዳር ክልል ወጣ። በባሕሩ ላይ የወደቀው በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። እንግዲህ «ከራዳር የተሰወረው» በደኅና ሲበር ሳለ፣ ከመውደቁ 26 ደቂቃ አስቀድሞ ነው፤ በዚያ መንገድ የሚያልፈው ሁሉ እንደሚሰወረው። ይልቁንም ሊነገር የሚገባው ሌላ ነገር ነበር። የብራዚሉ ተቆጣጣሪ ለተከታዩ ነጥብ የሚደርስበትን ሰዓት ደጋግሞ ጠይቆ መልስ አላገኘም። አውሮፕላኑ ከዳካር ጋር በሳተላይት መልእክት ለመገናኘት ሦስት ጊዜ ሞክሮ፣ የበረራ ዕቅዱ በዚያ ባለመኖሩ አልተቀበለውም። በዳካርም ኋላ በኮምፒዩተር ላይ በታቀደው መንገድ የሚሄድ የግምት በረራ ተከፍቶ ነበር። በእርግጥ የጠፋው ዕይታ አይደለም፤ ቃል ነው። የማንቂያው ጥሪ ሰዓታት የዘገየውም ከዚህ የተነሣ፣ ዝምታው ለማንም እንግዳ ስላልሆነ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የማሌዥያ አየር መንገድ 370 በረራ ነው። በመጋቢት 8 ቀን 2014 ከኳላ ሉምፑር ወደ ቤይጂንግ 239 ሰዎችን ይዞ ተነሣ። የመጨረሻው የራዲዮ ቃሉ ከተሰማ ከሁለት ደቂቃ ያህል በኋላ ከተቆጣጣሪዎቹ መስተዋት ላይ ጠፋ። ስለዚህም በዓለም ዙሪያ «ከራዳር ተሰወረ» ተባለ። ይሁንና ያቆመው የጥያቄ ራዳርን መመለስ ነው። የጦር ኃይሉ የማሚቶ ራዳር ግን ወደ ኋላ ታጥፎ ምድሩን ሲያቋርጥ ለአንድ ሰዓት ያህል መዝግቦታል፤ ከዚያም በኋላ ስድስት ሰዓት ገደማ ከሳተላይት ጋር አጫጭር ምልክቶችን ይለዋወጥ ነበር። አንዱ ራዳር ያጣውን ሌላው አግኝቶታል። ሁለቱን በአንድ «ራዳር» ከጠራናቸው፣ ለብዙዎች ዋና ጥያቄ የሆነው ነገር ከአማርኛው ውስጥ ይወጣል።

«ተሰወረ» የሚለውም ግሥ ራሱን የቻለ ክብደት አለው። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ሄኖክና ኤልያስ ተሰወሩ ይባላል፤ ስለ ቅዱስ ያሬድም እንዲሁ ይነገራል። ቃሉ ሞትን አይናገርም፤ ሰውን ከሞትና ከሕይወት መካከል በምስጢር ያኖረዋል። ወገኑን የሚጠብቅ ቤተሰብ ይህን ቃል ሲሰማ የሚያድርበትን ተስፋ ልብ ይሏል። ዜና ጸሐፊው ያላሰበውን ተስፋ መስጠት፣ ኋላም መንጠቅ፣ ከባድ ነገር ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ የድሮ ታሪክ ነው፤ ዛሬ ሳተላይት ስላለ አውሮፕላኖች በውቅያኖስም ላይ ይታያሉ» ሊለን ይችላል። እውነት ነው፣ ብዙ ተለውጧል። በ1990ዎቹ በፓሲፊክ የተጀመረው በጽሑፍ መልእክት የመነጋገር ዘዴ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል፤ አጭር ሞገድም ብዙውን ጊዜ መጠባበቂያ ሆኗል። ከ2018 መጨረሻ ወዲህ አየር መንገዶች ትልልቅ አውሮፕላኖቻቸው በውቅያኖስ ላይ የሚገኙበትን ሥፍራ ቢያንስ በየ15 ደቂቃው እንዲያውቁ የሚጠይቅ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። በሚያዝያ 2019 በሰሜን አትላንቲክ ላይ፣ አውሮፕላኖች በየጥቂት ሰከንዱ ስለ ራሳቸው የሚያሠራጩትን ምልክት ከኅዋ በሚቀበሉ ሳተላይቶች መጠቀም ተጀመረ፤ በዚህም የተከታታይ አውሮፕላኖች መራራቂያ ከ40 ወደ 14 የባሕር ማይል ሊወርድ ችሏል።

ነገር ግን ሳተላይቱ አያይም፤ ይሰማል። አውሮፕላኑ ሥፍራውን ራሱ ያሰላል፤ ራሱም ይናገራል፤ ዝም ካለ ሳተላይቱ አንዳች የሚያውቀው የለም። መሐንዲሶቹ ይህን አልደበቁም፤ በእንግሊዝኛው ስም ውስጥ ክትትሉ በሌላ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን የሚገልጽ ቃል አግብተውበታል። ይህንን «ጥገኛ ክትትል» ብሎ መተርጐም የዛፍ ላይ ተቀጥላንና የሆድ ትልን ያስታውሳል። «በራስ ቃል የሚደረግ ክትትል» ብንለው ግን የሚንጠለጠልበትን ነገር ሳይቀር እንገልጸዋለን። ከሥፍራ ቃል ጋርም ዝምድናው ወዲያው ይታያል፤ በ1983 በራዲዮ ሠራተኛው ጆሮ በኩል ያልፍ የነበረውና ዛሬ በሳተላይት የሚያልፈው በባሕርዩ አንድ ነውና።

ይህን ስንል ጋዜጠኛው የምሕንድስና መምህር ይሁን ማለታችን አይደለም። የምንጠይቀው አራት የተለያዩ ነገሮች በአራት የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች እንዲነገሩ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ከአድማስ ባሻገር ከሄደ «ከራዳር ክልል ወጣ» ይባል፤ ይህ አደጋ አይደለም። መሣሪያው ምላሽ መስጠት ካቆመ «ለራዳር ጥያቄ መመለስ አቆመ» ይባል። በራዲዮ ተጠርቶ ዝም ካለ «ሲጠራ አልመለሰም» ይባል። የሚጠበቅበትን የሥፍራ ቃል ሳይሰጥ ሰዓቱ ካለፈ «ቃሉ በሰዓቱ አልደረሰም» ይባል። አራቱም ንጹሕ አማርኛ ናቸው፤ ከሦስት ወይም ከአራት ቃላት አይበልጡም። የትኛው እንደሆነ ገና ካልታወቀ ደግሞ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» ማለት ይበቃል።

የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ለ«ራዳር» በሚሰጡት ፍቺ ውስጥ «ማሳየት» የሚለውን ትተው «ሞገድ ልኮ በሚመለሰው ምላሽ ያለበትን ማወቅ» የሚለውን እንዲያስገቡ፣ «ክትትል»፣ «መራራቂያ» እና «የሥፍራ ቃል» የሚሉትንም እንዲመረምሯቸው እናሳስባለን። በመስኩ የሚሠሩ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች በዕለት ንግግራቸው ከእነዚህ የተሻለ ቃል ካላቸው፣ የእኛን ትተን የእነርሱን ለመያዝ ዝግጁ ነን። ያ ሰማይ በጆሮ የሚጠበቅ ሰማይ ነው፤ ስለ እርሱ የምንናገርባቸው ቃላትም ከመስማት ቢነሡ ተገቢ ነው እንላለን።